እንግዳ ሲመጣ የሚሞት ኮምፒውተር

ባለፈው ሚያዝያ አሶሳ ሄጄ አንዲት ወረቀት ኮፒ ለማስደረግ ገበያው አጠገብ ያለች ጠባብ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ የኮምፒውተሩን ጎን ፈትታ የጠረጴዛ ማራገቢያ ደግናበታለች። ማራገቢያው ከማሽኑ ሆድ የሚያወጣው ሽታ ፊቴን መታኝ፤ የጋለ አቧራ፣ የሞቀ ፕላስቲክ፣ ትንሽ የተቃጠለ ፀጉር። "ከዘጋሁት ይጠፋብኛል" አለች፣ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ። እኔ ግን ወረቀቴን ረስቼ አራተኛ ክፍል ተመልሼ ነበር።

ስለ ልጅነታቸው የሚጽፉ ሰዎችን አላምናቸውም። ሁሉም ያደጉት ጎረቤት ከጎረቤት ተካፍሎ በሚበላበት፣ ማንም ማንንም ከየት መጣህ በማይልበት ሰፈር ነው። አገሩ በሙሉ እንዲህ ከነበረ የዛሬዎቹ ተጠራጣሪዎች ከየት እንደበቀሉ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። እኔ ባደግሁበት ሰፈርም ሰው ተካፍሎ ይበላ ነበር። መጀመሪያ ግን ያሸተው ነበር።

ያን ዓመት ሙቀቱ ቀደም ብሎ ገባ። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ያሉት የአሶሳ ወራት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚኖር ሰው ቅጣት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ይንጣጣል፣ የማንጎው ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም፣ የግቢያችን የቀርከሃ አጥር ደርቆ እየተሰነጠቀ ሰው የረገጠው ይመስል ይጮኻል። እናቴ ስንዱ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። እዚያው ክፍል ውስጥ ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው ሌላዋ ታይፒስት ሐዋ ትባላለች። ሐዋ የአሶሳ ልጅ፣ በርታ ናት፤ አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። እኛ ደግሞ አባቴ መምህር ሆኖ ሲመደብ ተከትለነው ከጎጃም የመጣን ነን። ሁለቱ ሴቶች ለዓመታት ፊት ለፊት ተቀምጠው የጽሕፈት መኪናቸውን ሲቀጠቅጡ ኖሩ። ምሳቸውን አብረው ይበላሉ፣ አለቃቸውን አብረው ያማሉ። ከዚህ የጠበቀ ወዳጅነት በመንግሥት መሥሪያ ቤት አላውቅም።

ከዚያ ኮምፒውተር ይመጣል ተባለ። የሚመጡት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለኃላፊው ጠረጴዛ ጌጥ። ስለዚህ የጸሐፊ መደቡ አንድ ብቻ ይሆናል። ሁለቱም በኮምፒውተር ይፈተናሉ። ያለፈችው ትቀራለች፣ የወደቀችው ወደ ጉባ ትዛወራለች።

ጉባን ዛሬ በግድቡ የማያውቅ የለም። ያኔ ግን ጉባ የመንግሥት ሠራተኛ ማስፈራሪያ ነበር። ከአሶሳ እዚያ ለመድረስ ዓባይን መሻገር፣ ዓባይን ለመሻገር ደግሞ ግማሽ አገር መዞር ያስፈልጋል። እናቴ ከወደቀች ጡት የሚጠባውን ወንድሜን ይዛ ትሄዳለች፤ እኔ ከአባቴ ጋር እቀራለሁ። ይህን የሰማሁት መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ነው። "ጉባ ከወሰደኝ ልጅቷን ማን ያበጥራታል?" ስትል ሰማኋት። ለብዙ ቀን ጉባ ማለት እናቶችን እየዞረ የሚሰበስብ፣ ረጅም፣ ኮት የለበሰ ሰውዬ ይመስለኝ ነበር። መንገድ ላይ ኮት የለበሰ ሰው ሳይ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ።

አባቴ የፊዚክስ መምህር ነው። ኮምፒውተር ማለት ሳጥን ውስጥ የገባ ፊዚክስ ነው አለና በትምህርት ቤት ዕረፍት አዲስ አበባ ሄደ። ሙሉውን ለመግዛት አቅም ስላልነበረው ከመርካቶ ሱቆች ቁርጥራጩን ለቃቅሞ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ይዞት መጣ። ሳሎኑ ወለል ላይ ዘረጋው። አረንጓዴ ሰሌዳ፣ የሽቦ ጉንጉን፣ ሰው ሁሉ ሲፒዩ የሚለው ባዶ ሳጥን፣ ሁለት ጥቋቁር ማራገቢያዎች። ሌላው ሁሉ በቀላሉ ገጠመለት። ያስቸገሩት ማራገቢያዎቹ ናቸው።

የማራገቢያዎቹ መሰኪያ ከሰሌዳው ጋር አልገጥም አለ። ስለዚህ መሰኪያቸውን ቆርጦ ከኃይል ሳጥኑ በሚወጡት ሽቦዎች ላይ በቀጥታ ሊያስራቸው ወሰነ። ማራገቢያው ቀይና ጥቁር ሽቦ አለው። ከኃይል ሳጥኑ የሚወጡት ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ናቸው። አባቴ ማንም ጤነኛ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አሰረ፣ በፕላስተር ጠቀለለ። ማራገቢያዎቹ ዞሩ። ግን የሚዞሩት ከምሳ በኋላ ወደ ቢሮው እንደሚመለስ ሠራተኛ ነበር። ኮምፒውተሩ ትንሽ ሠርቶ ጭጭ አለ።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የመርካቶው ነጋዴ ነበር። የሞተ ማራገቢያ ሸጦልኛል ብሎ አባቴ ሰውየውን ከነዘር ማንዘሩ ሲረግም ሰነበተ። በኋላ መጽሐፍ አገላብጦ ቀዩ ሽቦ አምስት ቮልት፣ ቢጫው አሥራ ሁለት ቮልት እንደሚሸከም ደረሰበት። የማራገቢያውን ቀይ ፈትቶ ከቢጫው ጋር አሰረው። ማራገቢያዎቹ እንደ ንብ ቀፎ ጮኹ። ነጋዴው ከጥርጣሬ ነፃ ወጣ፤ ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም።

ኮምፒውተሩ አሁንም ሞተ። ተጠርጣሪው መብራት ኃይል ሆነ። መብራት ኃይል እንኳ ነፃ ሲወጣ አባቴ ከደብተሬ ላይ ወረቀት ቀደደና በቀጭኑ ሰነጠቀው። አንዱን ሳጥኑ ፊት ያዢ አለኝ፤ ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተስቦ ወንፊቱ ላይ ተለጠፈ። ኋላ ያዢ አለኝ፤ እዚያም ተለጠፈ። ሁለቱም ማራገቢያዎች ንፋስ ያስገባሉ፣ የሚያስወጣ የለም። አባቴ ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። እናቴ ግን አልፈረደችበትም። በዚህ ሙቀት ንፋስ ይግባ እንጂ ይውጣ ብሎ የሚያስብ ሰው የት አለ አለች። እሱ የኋላውን ፈትቶ ገለበጠው፤ ወረቀቱ አሁን ወደ ውጭ ተርገበገበ። እኔ የገባኝ ማሽኑ ትንፋሹን እያስገባ ማስወጣት አቅቶት ሲታፈን እንደኖረ ነው። ጓሮ ሄጄ ራሴ ሞከርኩት። ዓይኔ እስኪጨልም አየር እየሳብኩ፣ ሳላስወጣ፣ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ለምን እንደሚሞት በደንብ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ለእናቴ አንድም ቀን አልሞተም። ጠዋት ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ ያለማቋረጥ ትጽፍበታለች። ወሬው መሥሪያ ቤት ሳይደርስ አልቀረም። ሐዋ አንድ ቀን ከሥራ መልስ በራችን ላይ ቆመች።

"ስንዱ፣ መምህር ኮምፒውተር ሠርቷል አሉ። እኔም ልማር።"

"ምን ችግር አለው? ቤትሽ አይደለም እንዴ?" አለች እናቴ። ይህን ዓረፍተ ነገር እንቢ ለማለት አቅም ያጣ ሰው ይናገረዋል።

እንግዳ ደግሞ እንዲሁ አይቀመጥም። በዚያ ዘመን በየቤቱ ያለ ማንኛውም ዕቃ ልብስ ነበረው፤ ሬዲዮው ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ሶፋው ዳንቴል ይለብሳል። ለእንግዳ ብቻ ከቁምሳጥን የሚወጣም ነበር። እናቴ ለኮምፒውተሩ ያዘጋጀችው መሃሉ ጥልፍ ያለበት ወፍራም ነጭ ጨርቅ፣ ዙሪያው ዳንቴል ነው። ከፊትም ከኋላም እስከ ጠረጴዛው ይወርዳል፤ በተለይ ከኋላ፣ የሽቦው ዝርክርክ እንዳይታይ። ቤተሰብ ብቻችንን ስንሆን እንዳይቆሽሽ ይታጠፋል። ሐዋ ስትመጣ እናቴ ኮምፒውተሩን አብርታ ዳንቴሉን አለበሰችው፣ ወንበር ሳበችላት። ሐዋ ግማሽ ገጽ እንደጻፈች ስክሪኑ ጨለመ።

በማግስቱም እንዲሁ። በሳልስቱም። የጻፈችው ሁሉ ይጠፋል፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለች፣ ይጠፋል። ጠዋት ለእናቴ የታዘዘው ማሽን ከሰዓት ለሐዋ እንቢ ይላል። አንዲት ጎረቤታችን ዓይን ነው አለች። ይህን ያለችው በሹክሹክታ ነው፤ ሹክሹክታዋ ግን ከአጥር ያልፋል። እናቴ ዓይን መሆኑን አላመነችም፤ ያመነችው ከዚያ የባሰ ነው። ሐዋ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ሰድዳ አንድ ሽቦ ትነካለች፤ ማሽኑን አበላሽታ ጠዋት እኔም እንዳልለማመድ ነው አለች። አባቴ ሳቀባት። እኔ ግን ሥራ ተሰጠኝ፤ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ከጎኗ ተቀምጬ እጅና እግሯን እጠብቃለሁ። የሐዋ ጣቶች ጫፋቸው በሂና የቀላ ነው። ፊደል ሲፈልጉ አየር ላይ ይንጠለጠላሉ። እግሮቿ ጫማቸውን አውልቀው አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተዋል። የሚነኩት ሽቦ የለም። ይህን ስናገር እናቴ የተናደደችው በእኔ ነው፤ በደንብ አላየሽም አለች።

ሐዋ ከግቢዋ ማንጎ ታመጣ ነበር፣ በዘንቢል ሞልታ። እናቴ ተቀብላ ታመሰግናለች፣ አገላብጣ ታሞግሰዋለች። ሐዋ ስትሄድ ጓሮ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ትደፋዋለች። ጉድጓዱ በሙቀቱ እየፈላ የማንጎ ጠላ የተጠመቀበት ይመስል ሸተተ። አንድ ቀን አንዷን ሰርቄ አጥሩ ሥር በላኋት። ከዚያ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ጠበቅሁ። እስከ እራት ጠበቅሁ። ምንም ሳልሆን ስቀር ቅር አለኝ ብል ማንም አያምነኝም።

በሰፈሩ ያለው ወሬ ደግሞ እንደ ቤቱ ይለያይ ነበር። እኛ ጋ የሚመጡት መደቡ ለተወላጅ ተብሎ አስቀድሞ ተይዟል፣ ፈተናው ለይስሙላ ነው ይላሉ። ሐዋ ጋ የሚሄዱት ደግሞ መጤዎቹ ተጠራርተው ለራሳቸው ሰው ይሰጡታል ይላሉ። ሁለቱም ወገን ይህን የሚለው በሙሉ እርግጠኝነት ነው።

አባቴ የሐዋ ገጽ በጠፋ ቁጥር ሲያዝን ቆይቶ አንድ ዘዴ አስተማራት። መስመር በጨረሽ ቁጥር እነዚህን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኚ፣ ሴቭ ይሆናል፣ ቢሞት እንኳ የጻፍሽው አይሞትም አላት። ከዚያ ወዲያ ሐዋ አንድ መስመር ትጽፋለች፣ ትጫናለች፤ አንድ መስመር ትጽፋለች፣ ትጫናለች። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ትስቅባታለች። ሌባ እንደሚከተለው ሰው በየርምጃው ዞራ የምታይ ታይፒስት መቼ ፈተና ትጨርሳለች አለች። እናቴ ዞራ አታይም፤ ከላይ እስከ ታች እንደ ወራጅ ውሃ ነው የምትጽፈው።

በመጨረሻ ሐዋ ትዕግሥቷ አለቀ። ተነስታ ወደ እናቴ ሳይሆን ወደ አባቴ ዞረች።

"ወላሂ መምህር፣ ይሄ ነገር ለስንዱ ይሠራል፣ እኔ ስመጣ ይሞታል። አንድ ነገር አለው። ብትነግሩኝ አልመጣም፣ አልቀየምም።"

አባቴ ቀላ። የተነካው ክብሩ ሳይሆን ማሽኑ ነበር። ዳንቴሉን ገፎ ወንበር ላይ ወረወረ፣ የሳጥኑን ጎን ፈታ፣ ያሰረውን እያንዳንዱን ሽቦ እየነካ አሳያት፤ ይሄ ቢጫ ከዚህ ቀይ ጋር ነው፣ ይሄ ያስገባል፣ ያ ያስወጣል፣ የተደበቀ ነገር ካየሽ ንገሪኝ አላት። ጎኑ እንደተከፈተ ጻፈችበት። አልሞተም። አባቴ አቧራውን በላባ ጠረገና ነገሩ አቧራ ነበር ብሎ ፈረደ። በማግስቱ ሳጥኑ ተዘጋ፣ ዳንቴሉ ተመለሰ፣ ኮምፒውተሩ ሞተ። ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ዳንቴሉን እንዴት አላየውም የሚለኝ አይጠፋም። በዚያ ዘመን ዳንቴል አይታይም። የዕቃው ቆዳ ነበር።

ያየችው እናቴ ናት። አንድ እሑድ ልታጥበው አነሳችው። ከፊት በሚወርደው ጨርቅ ላይ ክብ ግራጫ እድፍ ነበረበት፣ ሳህን አስቀምጠው ዙሪያውን የሣሉት የሚመስል። ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። ኮምፒውተሩን አበራች። መዳፏን ከፊቱ አደረገች፣ ከዚያ ከኋላው። ዳንቴሉን አለበሰችው፤ ጨርቁ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተሳበና ወንፊቱ ላይ ተለጠፈ። ገለጠችው፣ ለቀቀ። አለበሰችው፣ ተለጠፈ። ከዚያ ዞር ስትል እኔን አየችኝ።

"ምን ታያለሽ? ሂጂ ውሃ ቅጂልኝ።"

አጠበችው፣ በስታርች ነከረችው፣ እስኪደርቅ ጠብቃ ተኮሰችው። ሰኞ ሐዋ ስትመጣ ኮምፒውተሩን እንደ ሙሽራ አለበሰችው፤ እጥፋቱን በመዳፏ እያስተካከለች፣ ከዚህ ቀደም ባላየሁት ጥንቃቄ። እኔ ደስ አለኝ። በሽታውን አገኘችው፣ አሁን ታክመዋለች አልኩ። ማሽኑ ግን እንደ ወትሮው ሞተ፤ የገረመኝ እናቴ አለመገረሟ ነበር።

የፈተናው ዋዜማ ወንድሜ አተኮሰው። ከሰዓት በኋላ እናቴ ዳንቴሉን እያጠፈች ሳለ ትውከቱን ለቀቀበት፤ አጥባ ገመድ ላይ ሰቀለችው። ወዲያው ልጁን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፣ አባቴ ትምህርት ቤት ነው። ሐዋ ስትመጣ የቤቱ አስተናጋጅ እኔ ነበርኩ። ወንበር ሳብኩ፣ ኮምፒውተሩን አበራሁ፣ ከዚያ በጣም አፈርኩ።

"እትዬ ሐዋ፣ ይቅርታ፣ ዳንቴሉ ታጥቧል። አልደረቀም።"

"እኔ ዳንቴል ላይ አልጽፍም" አለች እየሳቀች፣ ጫማዋን አወለቀች።

ጻፈች። አንድ ገጽ ሞላ፣ ሁለተኛውን ጀመረች። ማራገቢያዎቹ እኩል ድምፅ ያሰማሉ። አሁንም በየመስመሩ ሁለቱን ቁልፎች ትጫናለች፤ ጣቷ ለምዷል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ፍርሃት ያዛት። ቆም እያለች ሳጥኑን ታያለች፣ ከዚያ እኔን። እኔም ፈራሁ፤ ምን እንደምንፈራ ሁለታችንም የምናውቅ አይመስለኝም። በሩ ተከፈተ። እናቴ ወንድሜን እንዳዘለች ደጃፉ ላይ ቆመች፤ የሚሠራውን ስክሪን፣ ራቁቱን የተቀመጠውን ሳጥን አየች። ሰላምታ ሳትሰጥ፣ እኔን፦

"ዳንቴሉስ?"

"አልደረቀም" አልኩ።

ሐዋ በመስኮቱ ወደ ገመዱ አየች። ነጩ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ታጥቦ ታጥቦም ያልለቀቀው ክብ እድፍ በፀሐዩ ላይ ይታያል። መዳፏን ከሳጥኑ ፊት አደረገች፣ ከዚያ ከኋላው፣ ልክ እናቴ በዚያ እሑድ እንዳደረገችው። ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

"ልጁስ? ምን አሉ?"

"ደህና ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።"

"አልሃምዱሊላህ" አለች ሐዋ። ሁለቱን ቁልፎች ተጫነች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ወጣች። እናቴ ያን ማታ እኔን አላበጠረችኝም።

ፈተናውን የሰማሁት በወሬ ነው። ሁለቱ አዲስ ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ተሰጠ። እናቴ ቀድማ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ደርሳ ነበር። መብራት ጠፋ። ሲመለስ የእናቴ ስክሪን ባዶ ነበር። የሐዋ ከአንዲት መስመር በስተቀር ሁሉም አለ። ፈታኞቹ ማሽኑ የያዘውን ነው የምናርመው አሉ።

እናቴ መብራቱን ሆን ብለው እንዳጠፉት ታምናለች። ስሙን የምትጠራው ሰው አለ፣ ቆጣሪው ጋ ቆሞ አይተውታል ያለቻቸው ምስክሮች አሉ። የአሶሳ መብራት ለመጥፋት የማንም እርዳታ አስፈልጎት እንደማያውቅ ብነግራት ተቀየመችኝ። በየመስመሩ የሚጫኑትን ሁለት ቁልፎች አንስቼባት ግን አላውቅም። አባቴም አላነሳም። እሱ ነገሩ አቧራ ነው በሚለው ጸና።

እናቴ ወደ ጉባ የምትሄድበት ቀን ጠዋት መናኸሪያ ሸኘናት። አባቴ ሻንጣውን ጣሪያ ላይ ለማስጫን ከረዳቱ ጋር ይጨቃጨቃል። እናቴ ወንድሜን ታቅፋ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፣ እኔ ከታች ቆሜ እጇን ይዣለሁ። ሐዋ በሕዝቡ መሃል መጣች። ትመጣለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። አጠገቤ ቆመች፣ ወደ መስኮቱ ቀና አለች።

"ስንዱ፣ አንቺ ባትኖሪ አላልፍም ነበር። አላህ ይስጥልኝ።"

እናቴ አንገቷን ነቀነቀች። ሐዋ ከእኔ ጋር ለመቆየት ይሁን ግፊያው ገፍቷት፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ሞተሩ ተነሳ። እናቴ ወደ እኔ አጎነበሰችና ሐዋ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ምን ማለቷ ነው?"

"አመሰገነችሽ።"

"ለምኑ?"

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፣ እጇ ከእጄ ወጣ። እስከ መታጠፊያው አንገቷን አውጥታ ወደ ኋላ ታይ ነበር። የምታየው እኔን አልነበረም። ትከሻዬ ላይ ያለውን እጅ ነበር።